ስኳር ላለበት ሰው ፔዲክዩር (የእግርና የጥፍር እንክብካቤ) ሲሠራ

ደንበኛው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ መቁረጫ ሳይነሳ ሦስት ጥያቄ ይቅደም፦ ስኳር አለብዎት? እግርዎ ይደነዝዛል ወይም ያቃጥልዎታል? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳሉ? ለአንዱ እንኳ «አዎ» ካለ ምላጩ ከጠረጴዛው ይወገድ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ነርቭ ይጎዳል፣ የደም ሥሩንም ያጠባል። እንዲህ ያለ እግር ላይ ቆዳው ሲቆረጥ አያምም፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ሥጋ ደዌም እግርን ያደነዝዛል፤ ደሴ አጠገብ ባለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታከሙ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል፣ ጥንቃቄውም ያው ነው።

መደንዘዙን ለመፈተሽ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰውየው ዓይኑን ይጨፍን። ከዚያ የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸው ላይ በጠቋሚ ጣት ሳይጫኑ ለ1 ወይም 2 ሰከንድ መንካት ነው። ከ6ቱ ሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙት ስሜቱ ቀንሷል ማለት ነው፤ የስኳር ክትትል ክፍል ሄዶ በደንብ ይታይ።

ውሃው ለብ ያለ፣ ከ37 ዲግሪ ያልበለጠ ይሁን። የሚለካው በሠራተኛዋ ክርን ነው፣ በደንበኛው እግር አይደለም። አጥቦ ማውጣት እንጂ መዘፍዘፍ የለም፤ ጨውና ዴቶል ቆዳውን ያደርቁታል። የደሴ ብርድ የሚያመጣውም ጣጣ አለ፦ የደነዘዘ እግር ከሰል ምድጃ አጠገብ ተዘርግቶ፣ ወይም ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ብርድ ልብስ ውስጥ ነክቶት፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ይቃጠላል።

ከታጠበ በኋላ በጣቶች መካከል ያለው እርጥበት ተጠርጎ ይድረቅ። በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ለዚሁ የሚሆን ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ቢይዝ ትልቅ ጥቅም አለው። በኮምቦልቻ ሙቀት እርጥብ እግር ፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ሲውል በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ ነጥቶ ይላላል፣ ፈንገስ ይይዘዋል፣ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም ሌላ ጀርም ይገባል። ቅባት ለተረከዝና ለውስጥ እግር ነው፣ ጣቶች መካከል አይገባም። ለተረከዝ ከ10 እስከ 25 በመቶ ዩሪያ (ቆዳ የሚያለሰልስ ንጥረ ነገር) ያለው ክሬም ጥሩ ነው፤ እሱ ከሌለ ቫዝሊን ይበቃል።

ጥፍር ቀጥ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ይቆረጥ። ጥጉን ቆፍሮ መቁረጥ ጥፍሩ ወደ ሥጋ እንዲበቅል ያደርጋል፤ ሹል የቀረውን በሞረድ ማለስለስ ይበቃል። የወፈረ ጥፍር በጉልበት አይቆረጥም፣ በሞረድ ይሳሳ። በጥፍሩ ሥር ያለው ስስ ቆዳ ጀርም የሚከላከል በር ስለሆነ አይነካ።

ብዙ ጉዳት የሚደርሰው የደነደነ ቆዳ ላይ ነው። ቆዳ የሚደነድነው ጫማ ወይም አጥንት ሲጫነው ነው፤ ጫናው እስካልተነሳ ድረስ ቢፋቅም ይመለሳል። ከሥሩ ጥቁር ወይም ሐምራዊ ነጥብ ከታየ ውስጡ ደምቷል፣ ምናልባትም ቆስሏል። እዚያ ላይ ሥራው ይቁምና ሰውየው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂድ። ደንዳናውን የሚያነሱ አሲድ ያለባቸው ፕላስተሮች ደህናውን ቆዳ ጭምር ስለሚበሉ ለስኳር ታማሚ አይሆኑም። እንሶስላ ወይም ሂና የምትቀባም እግሯ አስቀድሞ በደንብ ይታይ፤ ቀለሙ የቆዳን መቅላት ይሸፍናል።

ስለ መሣሪያ አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፦ አልኮል መርጨት ማምከን አይደለም። ብረቱ በሳሙናና በብሩሽ ይታጠብ፤ ከዚያ በ121 ዲግሪ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን መሣሪያ) ውስጥ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይቆይ። አውቶክሌቭ ከሌለ ደንበኛው የራሱን መቁረጫና ሞረድ ይዞ ቢመጣ እመርጣለሁ። ሳፋው በየደንበኛው መካከል ታጥቦ በ0.5 በመቶ ክሎሪን ለ10 ደቂቃ ይቆይ፤ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጁን ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር መቀላቀል ነው። የካርቶን ሞረድ ለሁለተኛ ሰው አይውልም።

አንዱ እግር ከሌላው ሞቆ ካበጠ፣ ባያምም እንኳ ሳይረገጥበት ወደ ሐኪም። አዲስ ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ እግር ሲያብጥ ይገዛ፤ የመጀመሪያ ቀን ከ1 ሰዓት በላይ አይደረግ። ሲወልቅ ቆዳው ላይ የቀረ ቀይ ምልክት ቶሎ ካልጠፋ ጫማው ይመለስ።