ኪስ የምትገባዋ ዊንዶውስ

የዓሣ ሒሳብ እይዛለሁ። ባሕር ዳር ላይ፣ ጀልባዎች ዓሣ ከሚያራግፉበት የጣና ዳርቻ ቆሜ፣ ቆሮሶው ስንት ኪሎ መዘነ፣ አምባዛውስ፣ ለማን ምን ያህል ተከፈለ፣ ማን ብድር አለበት እያልሁ እመዘግባለሁ። ጠረጴዛ የለኝም። ያለኝ ከሚዛኑ ጎን የተደፋ ሣጥንና ከጃኬቴ ኪስ የምትወጣ ባለ ሰባት ኢንች ኮምፒውተር ነው። ክዳኗ ሲገለጥ ትንሽ የቁልፍ ሰሌዳ አላት፤ የምትሠራው በዊንዶውስ 10 ነው።

ከጀልባ ባለቤቶቹ አንዱ፣ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው፣ ባዩኝ ቁጥር «አንተ ልጅ፣ ይህችን የሕፃን መጫወቻ ትተህ እንደ ሰው በስልክህ ብትጽፍ ምን አለበት?» ይሉኛል። «ጋሼ፣ እጄ እሷን ለምዶ አስቸገረኝ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እኔ ግን የምሬን ነው።

ኤክሴል ውስጥ ኤፍ 2 ስጫን የጻፍሁት ለእርማት ይከፈታል። ኮንትሮልና ዲ ከላይ ያለውን ወደ ታች ይደግምልኛል። ኦልትና ታብ ከሒሳቡ ወደ ስም ዝርዝሩ ይወስደኛል። ዓይኔ ሚዛኑ ላይ፣ ጆሮዬ ዋጋ ጠሪው ላይ እያለ ጣቶቼ ብቻቸውን ይሠራሉ። ስልክ ላይ ግን መስታወቱን ማየት ግድ ነው፤ ውኃና የዓሣ ቅርፊት ለነካው ጣት ደግሞ መስታወት አይታዘዝም። ከቁልፍ አቋራጮቹ የማይረባኝ አንዱ ብቻ ነው። ኮንትሮልን ከሴሚኮለን ጋር ስጫን የዕለቱን ቀን ይጽፍልኛል፤ የሚጽፈው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን የሚባል ወር መኖሩንም ኤክሴል አያውቅም፤ ስለዚህ ቀኑን እንደ ተራ ጽሑፍ አስገባዋለሁ።

ከጣቶቼ ልማድ ይበልጥ የያዘኝ የድሮው መዝገብ ነው። ከእኔ በፊት የነበረው ሒሳብ ያዥ የባለጀልባዎቹን ስምና ዕዳ የጻፈው በአሮጌ የግዕዝ ሶፍትዌር ነበር። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ፊደላችንን የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደላትና በምልክቶች ቦታ ላይ ነው፤ ለዓይን «ሀ» ሆኖ የሚታየው ለማሽኑ ሌላ ነገር ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ደንብ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው፤ ልማድ ግን በአንድ ጀምበር አይለቅምና ብዙ ሰው ከዚያም በኋላ በአሮጌው መንገድ ጽፏል። እንዲህ ያለውን ፋይል ስልኬ ላይ ስከፍተው ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ይደረደራል። ትንሿ ኮምፒውተሬ ግን የድሮውን ፎንት ስለጫንሁባት ያለ ማንገራገር ታሳየኛለች። የባለዕዳውን ስም የማያነብብ መሣሪያ ምን ያደርግልኛል?

እርግጥ ዊንዶውስን በመልክ መምሰል ብቻውን አይበቃም። አጎቴ ከውጭ ሲመለስ ይዟት የመጣ ጆርናዳ 720 የተባለች የእጅ ኮምፒውተር ቤታችን አለች፤ ኤችፒ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣት፣ ባለ 32 ሜጋባይት። ስትከፈት ስታርት የሚለው ቁልፍ በለመደ ቦታው፣ ወርድና ኤክሴልም በትንሽ መጠናቸው ይታያሉ። ውስጧ ግን ዊንዶውስ ሲኢ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1996 ለእጅ ኮምፒውተሮች ብሎ ለብቻው የሠራው። ፕሮሰሰሯ ስትሮንግአርም የተባለ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ለዴስክቶፕ ኮምፒውተሮች የተዘጋጁ ፕሮግራሞች አይጫኑባትም፤ የግዕዝ ሶፍትዌሮቻችንም እንደዚያው። የዘመድ ጋቢ የለበሰ እንግዳ ናት፤ እቅፍ ልታደርገው ስትጠጋ ፊቱን ታያለህ። የቁልፍ ሰሌዳዋ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከእኔዋ ይሻላል።

በጎርጎራ በኩል ያለው ባልደረባዬ ደግሞ የሲምቢያን፣ የድሮ ኖኪያ ስልኮች ይሠሩበት የነበረው ሥርዓት፣ ሰው ነው። ቁልፍ ያለውን አሮጌ ኖኪያውን ዛሬም ቻርጅ ያደርጋል። የሲምቢያን መነሻው የእንግሊዙ ሳይዮን ኩባንያ ኢፖክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሲሪስ 5 የተባለው የኪስ ኮምፒውተር በዚሁ፣ በሁለት ተራ ባትሪ ድንጋይ ይሠራ ነበር። ኖኪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሲምቢያን ፊቱን ወደ ማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ፎን ማዞሩን ሲያሳውቅ ባልደረባዬ ክህደት እንደተፈጸመበት ሰው ነበር የተናገረው። እኔም በልቤ አልፈረድሁበትም።

የእኔዋ ጉድለት የለባትም ማለቴ አይደለም። ዊንዶውስ ለትልቅ ገጽታ የታሰበ ነውና ፊደሉ እንደ ጉንዳን ያንሳል፤ መስኮት መዝጊያዋ ኤክስ ከጣቴ ጫፍ ታንሳለች። በሌላ መሣሪያ ላይ ቢሆን ይህን ሁሉ አልታገሥም ነበር። አሁን ደግሞ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ፣ ማለትም የደኅንነት ማሻሻያው፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ የእሷ ፕሮሰሰር ለዊንዶውስ 11 ከተፈቀዱት ውስጥ የለም።

የእኅቴ ልጅ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የተባለውን ሌላ ሥርዓት እንጫንባት ይላል። «ፎንቱ ከሆነ ችግርህ፣ እዚያም ይሠራል» አለኝ፤ ልክ ነው። ምክንያት ሲጠፋብኝ ጣቶቼን አነሣሁ፤ አቋራጮቹ ብዙዎቹ እዚያም እንዳሉ አሳየኝ። በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው፦ ኮምፒውተሯ ከኢንተርኔት ትለያለች፣ ሒሳቡ ማታ ማታ በፍላሽ ወደ ቤት ይሄዳል፣ እሱም በትርፍ ሰዓቱ የድሮውን መዝገብ ወደ ዩኒኮድ ይቀይራል። የብድር ገጾቹን ጀምሯል፤ «ጸ» እና «ፀ» እየተምታቱበት አንዳንዱን ስም እኔ አርምለታለሁ። መዝገቡ ተቀይሮ ሲያልቅ ስለ ሊኑክስ እንነጋገራለን ብዬዋለሁ።