ሰልባጅ መሮጫ ጫማ ለምትገዙ

ዛሬ ጠዋት ጣና ዳር ከሚሮጡት ውስጥ የስንቱ ጫማ ተረከዙ ወደ ውስጥ ተጣሟል!

ሰልባጅ ስትገዙ ጫማውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡና ከኋላው እዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ተዉት፤ የቀድሞ ባለቤቱን አረጋገጥ ይዞ ቀርቷል። ከዚያ የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ተሸብሽቦ ከደረቀ፣ ላዩ ታጥቦ ቢያብረቀርቅም ስፖንጁ ሞቷል። አዲሱም ቢሆን ዕድሜው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሶሉ የውጭ ተረከዝ ትንሽ ቢበላ ግን አያስደነግጥም፣ የብዙ ሰው እግር የሚያርፈው በዚያ ነው።

ልኩን ማታ ሞክሩ፤ እግር ሲውል ያብጣል። በምትሮጡበት ካልሲ፣ ቆማችሁ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ይትረፍ (ረጅሙ ሁለተኛው ጣት የሆነባችሁም አላችሁ)። ያ ቦታ ከሌለ ከቤዛዊት ኮረብታ ቁልቁል ሲወረድ ጣት ከጫማው አፍንጫ ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል። ተረከዝ ሾልኮ ካስቸገረ ቁጥር ከመቀነስ በፊት ክሩን በመጨረሻዋ ቀዳዳ አሳልፋችሁ እሰሩ።

እርጥብ እግር ሲሚንቶ ላይ አትሞ ማየት? ጠፍጣፋነቱን ይነግራችኋል፣ ጫማ ግን አይመርጥላችሁም። ሻጩ ደጃፍ ላይ ሃምሳ ሜትር ሩጡበት። ጠቧችሁ ሻጩ «ሲለመድ ይሰፋል» ካላችሁ ጫማውን መልሱለት።