የድንጋይ ከሰል ለሲሚንቶ ፋብሪካ ስታቀርቡ በር ላይ የሚጠብቃችሁ

ሰሞኑን የሚደውሉልኝ ልጆች በዝተዋል። ሁሉም የድንጋይ ከሰል ለሲሚንቶ ፋብሪካ ማቅረብ ይፈልጋሉ። የሚጠይቁኝም ስለ ፈቃድና ስለ ማሽን ኪራይ ነው። የከሰሉን ጥራት ስለሚመረምረው የፋብሪካው ላቦራቶሪ የሚጠይቀኝ የለም። እኔም ስጀምር ያማከርኳቸው ሰዎች ስለ ፈቃዱ ሌሊቱን ሙሉ ሊያወሩኝ ይችሉ ነበር፤ ስለ ላቦራቶሪው ግን አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። ቢነግሩኝ ኖሮ ስንት ገንዘብና ስንት ንዴት በተረፈልኝ ነበር።

የምሠራው ዳውሮ ውስጥ ነው። ግልገል ጊቤ 3 በዚህ ዞንና በወላይታ መካከል፣ ኦሞ ወንዝ ላይ ነው የተገነባው። 1870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ሥራ ስንጀምር አንድ የአካባቢው አባት መጥተው ጉድጓዱን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ መብራቱ ከወንዛችን ይሄዳል፤ እናንተ ደግሞ መሬቱን ቆፍራችሁ ጥቁር ድንጋይ ትጭናላችሁ። ሁለቱንም ምን ያደርጉታል?» አሉኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ጳጉሜን 2017 የህዳሴ ግድብ ከተመረቀ በኋላማ የከተማ ሰውም ይጠይቀኛል። 5150 ሜጋ ዋት እያለን ከሰል ለምን?

መልሱ ምድጃው ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይና ሸክላ አፈር 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ ግለው ክሊንከር (ኋላ ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጠጠር) መሆን አለባቸው። ኤሌክትሪኩ ወፍጮውን ያዞራል፤ ማራገቢያውንም ያስነሳል። ያን ትልቅ የሚሽከረከር ምድጃ የሚያግለው ግን ነበልባል ነው። ፋብሪካዎቻችን ቀደም ሲል ፈርነስ የሚባለውን ወፍራም ጥቁር ነዳጅ ያነዱ ነበር። ነዳጁ ሲወደድ ወደ ከሰል ዞሩ። ከሰሉ ደግሞ ከደቡብ አፍሪካ በመርከብ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በመኪና ነበር የሚመጣው፤ በዶላር። ዶላር ሲጠፋ ምድጃው ይቆማል፤ ምድጃው ሲቆም ሲሚንቶ ይወደዳል፤ ሲሚንቶ ሲወደድ የጤና ጣቢያውም የትምህርት ቤቱም ግንባታ ባለበት ይቀራል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ የውጭው ከሰል በብር ሲሰላ ዋጋው ሰማይ ነካ። እኛ ቦታ ያገኘነው በዚህ ክፍተት ነው። ለዚህ ሥራ ያለኝ ፍቅርም ከዚሁ ይመነጫል። ከዳውሮ የሚወጣ እያንዳንዱ መኪና ወደብ ላይ የማይከፈል ዶላር ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ። ፈቃዱን ከክልሉ ማዕድን መሥሪያ ቤት ታወጣላችሁ፤ ይመላልሷችኋል ግን ያልቃል። ለገበሬው ካሳውን በጊዜና በሙሉ ክፈሉ። ቡናና እንሰት ያለበት መሬት ከሆነ አትከራከሩ፤ የጠየቀው ተገቢ ነው። እስካቫተርና ሎደር ተከራዩ። ሮያሊቲ (ለማዕድኑ ለመንግሥት የሚገባውን ድርሻ) ክፈሉ፤ መሸኛ (የጭነቱን ማለፊያ ወረቀት) ያዙ፤ ኬላ ላይ ከነ ኮፒው አሳዩ። ሲኖ በአንድ ጉዞ 400 ኩንታል ይጭናል። በጭዳ አድርጎ ጅማ፣ ከጅማ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደ ፋብሪካው። እስከዚህ ድረስ ያለው አድካሚ ቢሆንም ሰው የሚወጣው ነው።

ነገር የሚበላሸው በር ላይ ነው።

ፋብሪካው የሚከፍለው ለሙቀት ነው። ሁሉም ሰው «ካሎሪው ስንት ነው?» የሚለው ለዚህ ነው፤ በእኛ ሥራ ካሎሪ ሲባል አንድ ኪሎ ከሰል የሚሰጠው ኪሎ ካሎሪ ማለት ነው። ዘመናዊ ምድጃ ለአንድ ኪሎ ክሊንከር 800 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይፈልጋል። ከሰሉ በኪሎ 6000 ካለው፣ ለአንድ ቶን ክሊንከር 133 ኪሎ ግራም ይበቃል። 4000 ከሆነ 200 ኪሎ ግራም ይነዳል። ብዙ የነደደ ከሰል ብዙ አመድ ይተዋል፤ አመዱ ደግሞ የትም አይሄድም፣ እዚያው ክሊንከሩ ውስጥ ይገባል። ሲሊካና አሉሚና ስላለበት የኖራ ድንጋዩን ልክ ያዛባባቸዋል። ስለዚህ የፋብሪካ ሰው ስለ ጥራት ሲጨነቅ እውነቱን ነው። የእኛ አገር ከሰል በአብዛኛው ወጣት ከሰል ነው፤ እርጥበቱም አመዱም ብዙ ነው። በዚህ አልከራከርም።

የምከራከረው እንዴት እንደሚለካ ነው።

ከመጀመሬ በፊት ከጉድጓዱ ናሙና ወስጄ አስመርምሬ ነበር። ውጤቱ 5200 ካሎሪ ይላል። ወረቀቱ ላይ ደግሞ በትንሽ ፊደል የተለካው በደረቁ፣ ማለትም እርጥበቱ ወጥቶለት፣ እንደሆነ ተጽፏል። የፋብሪካው ግዥ ክፍል ወረቀቱን ተቀበለ፤ አነበበ፤ ፋይል ውስጥ አስቀመጠ። ከዚያ ራሱ ያረቀቀውን ውል አመጣልኝ። ውሉ «ከ4500 ካሎሪ በታች የሆነ ከሰል ርክክብ አይፈጸምበትም» ይላል። በደረቁ ይሁን ከነውሃው አይልም። ናሙናው ከየት፣ በማን፣ እንዴት እንደሚወሰድም አይልም። ይህን ውል በየወሩ ለአዳዲስ አቅራቢዎች የሚያስፈርሙ ሰዎች ልዩነቱን አያውቁም ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ልዩነቱ ይህ ነው። ከሰሉ 25 በመቶ እርጥበት ካለው፣ በደረቁ 5200 የሆነው መኪናው ላይ እንዳለ ሲለካ 3900 ይሆናል። 5200ን በ0.75 አባዙት። በሌላ አነጋገር፣ ከ400 ኩንታሉ 100 ኩንታሉ ውሃ ነው። ይህን ስሌት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ግን ቀድሞ የሚነግራችሁ ከሌለ የምታውቁት መኪናችሁ ሲመለስ ነው።

የመጀመሪያው መኪናዬ በር ላይ ሲደርስ ዝናብ ሲመታው ነበር የመጣው። ሸራው ከኋላ በኩል ላልቶ ውሃ አስገብቷል። የፋብሪካው ናሙና ወሳጅ አካፋ ይዞ በኋላው ጎማ ላይ ወጣ። ሸራውን በአንድ እጁ ገለጥ አደረገና ከዚያችው ከራሰችው ጥግ አንድ አካፋ ዛቀ። ደቃቁ እንደ ጭቃ አካፋው ላይ ተጣብቋል። አፉ ባልታሰረ ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረውና ወረደ። አለቀ። ያ ሁሉ ጭነት በዚያች አንድ አካፋ ነው የተፈረደበት። ከላይኛው ትልልቁ፣ ከመሃሉ፣ ከፊቱ የነካ የለም።

ውጤቱ 3600 መጣ። «ተመላሽ» የሚል ማህተም ተመታበት።

ወደ ጥራት ኃላፊው ገባሁ። ድጋሚ ናሙና ይወሰድልኝ አልኩ። «ወንድሜ፣ ማሽን አይዋሽም» አለኝ። «ማሽኑ አልዋሸም፤ አካፋው ነው የዋሸው» አልኩት። ድጋሚ መውሰድ በአሠራራቸው እንደሌለ ነገረኝ። አሠራሩን በጽሑፍ አሳየኝ ስለው የሚያሳየኝ ነገር አልነበረውም። ውጭ ሾፌሩ መኪናው ለሚቆምበት በቀን ሒሳብ ይቆጥራል። እሱም ልጆች አሉት፤ አልፈርድበትም።

ከበሩ ስወጣ አንድ ደላላ ጠበቀኝ። «አለቃ፣ ተመለሰብህ አይደል? እኔ ጋ ጣለው» አለኝ። ያቀረበልኝ ዋጋ ከውሌ ግማሽ አይሞላም። ከሰሌ መመለሱን እኔ ለቤተሰቤ ሳልናገር እሱ እንዴት አወቀ? እምቢ አልኩት። ከጎኔ ቆሞ የነበረ ሌላ አቅራቢ ግን ብድር ይዞት ነበርና ሸጠለት። በማግስቱ ያው የተመለሰው ሲኖ፣ ያው የተቀደደ ሸራ፣ በሌላ ስም ሚዛን ላይ ወጥቶ አለፈ። ታርጋውን ቆሜ አየሁት። ሌሊቱን ካሎሪው አድጎ ይሆን? ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አገር «የውጭ ከሰል ይቅር» ብሎ ያወጀውን ሥራ፣ የሚያፈርሰው በበር ላይ የሚቆም ደላላና ዝም የሚለው ኃላፊ ነው።

እኔ መኪናውን ወደ ጎን አስቆምኩና ናሙናውን በሥርዓቱ ወሰድኩ። ከፊት፣ ከመሃል፣ ከኋላ፤ ከላይም ክንድ ያህል ቆፍረን ከውስጥም። ትልልቁንም ደቃቁንም። ሁሉንም ንጹሕ ሸራ ላይ አፍስሰን ፈጨነው፤ አደባለቅነው። ሾጣጣ ክምር አድርገን ከላይ ደፈጠጥነው፤ አራት ቦታ ከፈልነው፤ እርስ በርስ ፊት ለፊት ያሉትን ሁለቱን ወስደን የቀረውን ጣልን። እንደገና አደባልቀን እንደገና ከፈልን፤ እጅ ላይ የሚያዝ ያህል እስኪቀር። ውሃው እንዳይተን ድርብ ፕላስቲክ ውስጥ አሰርነው። አዲስ አበባ ገለልተኛ ላቦራቶሪ ወሰድኩት። እንዳለ 3900፣ በደረቁ 5200 ወጣ። የጉድጓዱ ወረቀት እውነት ነበር። ከ3900 እስከ 3600 ያለችው የ300 ልዩነት የአካፋዋ ናት። ከ4500 በታች ያደረገኝ ግን ያ ውሉ ላይ ያልተጻፈው ቃል፣ በደረቁ ነው ወይስ ከነውሃው የሚለው ነው።

ከዚያ ፋብሪካ ጋር ያለኝን ውል አቋረጥኩ። ሌላ ፋብሪካ ሄጄ እኔ ያረቀቅኩትን ውል ይዤ ተቀመጥኩ። ካሎሪው የሚለካው መኪናው ላይ እንዳለ፣ ከነእርጥበቱ። ዋጋው በኩንታል ተቆርጦ አይቀመጥም፤ ከመነሻው ካሎሪ ከፍ ሲል ይጨምራል፣ ዝቅ ሲል በዚያው ልክ ይቀንሳል። ተመላሽ የሚሆነው ከዚህ በታች ሲሆን ነው ተብሎ አንድ ወለል ተቀመጠ። ናሙናው የእኔ ሰው ባለበት ይወሰዳል፤ ሦስት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለእኔ፣ ሦስተኛው በሁለታችን ፊርማ ታሽጎ ይቀመጣል። ካልተስማማን ሦስተኛው ገለልተኛ ላቦራቶሪ ይሄዳል፤ የተሸነፈው ይከፍላል። ውጤት ከዘገየ መኪናው ለቆመበት ፋብሪካው ይከፍላል። ይቺን የመጨረሻዋን ለማስገባት ብዙ ተጨቃጭቀናል። ከገባች በኋላ ግን ውጤት ዘግይቶብኝ አያውቅም።

በዚህ ውል የታሸገው ናሙና እስካሁን የተከፈተው ከስንት አንዴ ነው። መኖሩ ብቻ ሰውን ቀጥ ያደርጋል።

ስለ ጉድጓዱ ሥራም ጥቂት ልበል። ባለሥልጣናት በየስብሰባው «ከሰል ታጥቦ ይቅረብ» ይላሉ። ማጠቢያ ፋብሪካ ለትልቅ ባለሀብት ጥሩ ነው፤ አመድ ይቀንሳል። ለትንሽ አምራች ግን መጀመሪያ የሚያዋጣው በጥንቃቄ መቆፈር ነው። በከሰሉ ንጣፍ መሃል ግራጫ የሸክላ ድንጋይ አለ። የእስካቫተር ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ሁለቱን አንድ ላይ ከዛቀው አመድ እየገዛችሁ ነው። ለኦፕሬተሩ በሰዓት ሳይሆን በጥራት ጉርሻ ጨምሩለት፤ ድንጋዩን ለይተው የሚለቅሙ የሰፈር ወጣቶችም ቅጠሩ። ደግሞ ደቃቅ ከሰል ሲታጠብ ውሃ ይይዛል። ማድረቂያ ሳይኖራችሁ ካጠባችሁት በአመድ ያተረፋችሁትን በእርጥበት ትከስራላችሁ።

ክምራችሁንም ጠብቁ። ይህ ዓይነት ከሰል ማንም ሳይለኩሰው ራሱ ይግላል። ተቆልሎ ከቆየ አየር በጎኑ እየገባ ውስጡ ይሞቃል፣ ከዚያ ይጨሳል። ዝቅ አድርጋችሁ ከምሩ፤ በሎደር ጠቅጥቁት፤ ቀድሞ የተከመረው ቀድሞ ይጫን። ጭስ ካያችሁ በላዩ ውሃ በመርጨት አትመኩ። የጋለውን ክፍል ለይታችሁ አውጡት፤ ሜዳ ላይ ዘርግታችሁ አብርዱት። ሸራ አልብሳችሁ እንዳትጭኑት፤ መንገድ ላይ መኪና ሊያቃጥል ይችላል።

ክረምት ላይ አልጭንም። በዚህ ከወረዳው ጋር ዘወትር እንጋጫለን። የሩብ ዓመት ሪፖርት ስላለባቸው «ምርት ለምን ቆመ?» ይሉኛል። እነሱ የሚቆጥሩት ቶን ነው፤ ውሃውም ቶን ይሆንላቸዋል። እኔ ግን ለውሃው ትራንስፖርት ከፍዬ በር ላይ ዋጋ ይቆረጥብኛል። ስለዚህ ከሰኔ እስከ መስከረም ቦይ እጠርጋለሁ፤ ማሽን አስጠግናለሁ። ጥቅምት ላይ መንገዱ ሲጠና እንጀምራለን።

የውሌን አንቀጾች ማየት የሚፈልግ ካለ ስሞቹን አጥፍቼ እልክለታለሁ። ብቻ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁኝ። ከፈረማችሁ በኋላ መኪና በር ላይ አቁማችሁ ስትደውሉልኝ፣ ላደርግላችሁ የምችለው ነገር በጣም ትንሽ ነው።