የኖርዌይ ፊልም ለሰው የምመርጠው እንዴት ነው

«አንድ ጥሩ የኖርዌይ ፊልም ጠቁመኝ» ስባል ወዲያው ስም አልጠራም። ከማን ጋር እንደሚያየውና ሰብታይትል (ከምስሉ ሥር የሚወጣ ትርጉም) እያነበበ ማየት የለመደ መሆኑን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። ለዚህ ሲኒማ እንግዳ የሆነ ሰው የመጀመሪያው ፊልም ካልያዘው ሁለተኛ አይሞክርም፤ ስለዚህ ጥንቃቄዬ ሁሉ መጀመሪያው ምርጫ ላይ ነው። የሽልማት ዝርዝር እዚህ ላይ ብዙም አይረዳም። በፈረንሳዩ የካን የፊልም ፌስቲቫል የተወደሰ ፊልም ከሥራ ደክሞ ለገባ ሰው ሊከብደው ይችላል።

ቤተሰብ ለሚሰበሰብበት ምሽት የማስቀድመው በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወጣውን የሮአር ኡትሃውግን «ቦልገን» ነው፤ ማዕበሉ ማለት ነው። ታሪኩ የሚሆነው ጋይራንገር በምትባል በፍዮርድ (በተራሮች መካከል በገባ ጠባብ ባሕር) ዳር ባለች መንደር ነው። ኦክነሰት የተባለው ተራራ ተንዶ ባሕሩ ውስጥ ከወደቀ ነዋሪው ለማምለጥ ያለው ጊዜ 10 ደቂቃ ብቻ ነው። ተራራው በእውን አለ፤ ስንጥቁ እየሰፋ ስለሚሄድም ባለሙያዎች በመሣሪያ ይከታተሉታል። በ1934 እዚያው አካባቢ ታፍዮርድ ላይ ዐለት ተንዶ ያስነሣው ማዕበል 40 ሰው ገድሏል። ይህን ፊልሙ ሳይጀመር ባጭሩ እናገራለሁ። መጀመሪያው ላይ ፊልሙ በዝግታ ስለሚሄድ፣ አደጋው የምር መሆኑን ያላወቀ ሰው እዚያ ላይ ስልኩን ማየት ይጀምራል፤ ያወቀ ግን ተራራውን ባየ ቁጥር ይሰጋል። ንግግሩ አጭር አጭር ስለሆነ ሰብታይትሉ አያደክምም። በሆቴሉ ምድር ቤት ውሃ የሚሞላበት ትዕይንት ግን ለትንንሽ ልጆች ይከብዳል። ለእነሱ የኢቮ ካፕሪኖ የ1975 የአሻንጉሊት ፊልም «ፍሎክሊፓ ግራን ፕሪ» ይሻላል። ከ5 ሚሊዮን በላይ ትኬት ተሽጦለታል፤ ያኔ የአገሩ ሕዝብ 4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። የመኪና ውድድሩን ለመከታተል ቋንቋ ማወቅም አያስፈልግም።

ምርጫው ከተስተካከለ በኋላ ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ ሰውየው ሌላ ፊልም ስለሚከፍት ነው። የኒልስ ጋውፕ «ቬይቪሰረን» በ1987 ወጥቶ ለኦስካር የታጨ፣ በሰሜን ኖርዌይ በሚኖረው በሳሚ ሕዝብ ቋንቋ የተሠራ የመጀመሪያው ባለሙሉ ርዝመት ፊልም ነው፤ በእንግሊዝኛው ርዕስ «ፓዝፋይንደር» ሲፈለግ ግን የ2007ቱ የአሜሪካ ቅጂ ቀድሞ ይመጣል። «ኢንሶምኒያ»ም እንደዚያው ነው። የ1997ቱ የኤሪክ ሾልድብያርግ ሲሆን የ2002ቱ የክሪስቶፈር ኖላን ነው። የሃንስ ፔተር ሞላንድ «ክራፍትኢዲዮተን» (2014) ደግሞ በ2019 በራሱ በዳይሬክተሩ እጅ በእንግሊዝኛ ተደግሟል። በጣም የሚያደናግረው የ2012ቱ «ኮን ቲኪ» ነው፤ ተዋንያኑ ትዕይንቶቹን በኖርዌጅኛም በእንግሊዝኛም ስለተጫወቷቸው ሁለት እትም አለው። በዚያ ላይ ኦስካር ያገኘው የ1950ው ዘጋቢ ፊልም በዚሁ ስም ይጠራል። ስለዚህ ርዕስ ብቻ አልልክም። ኖርዌጅኛውን ርዕስ፣ ዓመቱንና የዳይሬክተሩን ስም አንድ ላይ ጽፌ እሰጣለሁ።

ቀጥሎ ድምፁ ነው። አንዳንድ የስርጭት አገልግሎቶች ፊልሙን በእንግሊዝኛ በተቀዳ ድምፅ ይከፍቱታል። ያኔ የተዋናዩ ድምፅና ትንፋሹ ይጠፋል፤ ዝምታ በበዛበት ፊልም ውስጥ ይህ ትልቅ ኪሳራ ነው። ከመጀመሩ በፊት በድምፅ ምርጫው ወደ ኖርዌጅኛ መመለስ ያስፈልጋል። ሰብታይትሉንም አምስት ደቂቃ ያህል ወደፊት ሄዶ ማየት ጥሩ ነው፤ በ«ኮንገንስ ናይ» (2016) ኖርዌጅኛና ጀርመንኛ ስለሚቀላቀሉ፣ ጀርመንኛውን ብቻ የሚተረጉም ሰብታይትል ሊያጋጥም ይችላል።

ፊልሙ በኮምፒውተር ላይ ያለ ፋይል ከሆነ ሌላ ችግር ይመጣል፦ ሰብታይትሉ መጀመሪያ ላይ ገጥሞ ቀስ በቀስ ይዛነፋል። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከፊልሙና ከሰብታይትሉ አንዱ በሴኮንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል)፣ ሌላው 23.976 ፍሬም ስለሆነ ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ገደማ ቢሆንም በሁለት ሰዓት ፊልም መጨረሻ ላይ 5 ደቂቃ ያህል ይደርሳል። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ላይ ሰብታይትልን የሚያፈጥኑትና የሚያዘገዩት የጂ እና የኤች ቁልፎች የሚጠቅሙት ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ሲሆን ነው። እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የፍሬም መጠኑን መቀየር ይገባል። እንግሊዝኛ ለማያነቡ ወላጆች በአማርኛ የሚተረጉም ሰው ደግሞ ፋይሉን ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ኮድ ያስቀምጥ፤ አለበለዚያ በፊደሉ ቦታ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ይወጣል።

ሁለተኛ ፊልም ለሚጠይቅ ሰው ያለማመንታት የምሰጠው የቤንት ሃመርን «ሳልመር ፍራ ሾከነት» (2003) ነው። በ1950ዎቹ የስዊድን ተመራማሪዎች ብቻቸውን የሚኖሩ የኖርዌይ ወንዶች በወጥ ቤታቸው ውስጥ እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ ለማጥናት ይመጣሉ። ታዛቢው ፎልከ ጥግ ላይ ከተተከለ ረጅም ወንበር ሆኖ የሰውየውን እርምጃ በካርታ ላይ ያሰፍራል፤ መነጋገር ክልክል ነው። ባለቤቱ ኢሳክ ተናዶ ምግቡን ፎቅ ላይ መሥራት ይጀምራል። ከዚያም ጣሪያውን ቀዶ ታዛቢውን ራሱ ከላይ ይታዘበዋል። ፊልሙን የምወደው ሁለቱ እንዴት እንደሚቀራረቡ ስለሚያሳይ ነው፤ አንድ ቀን ትምባሆ ያልቃል፣ ሌላ ቀን ቡና ይቀርባል፣ ትልቅ ንግግር ግን የለም። ቤቱ የገባን እንግዳ ቡና ሳያቀርቡለት ማስቀመጥ ምን ያህል እንደሚከብድ እኛ ሳይነገረን እናውቃለን። ፊልሙን ቸኩለው አይዩት፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ።

የዮአኪም ትሪየርን ሦስት የኦስሎ ፊልሞች የሚጠይቀኝን ሰው በወጡበት ቅደም ተከተል («ሬፕሪሰ» 2006፣ «ኦስሎ፣ 31. ኦገስት» 2011፣ «ቬርደንስ ቬርስተ መነስከ» 2021) አላስጀምረውም። ታሪኮቹ አይያያዙም፤ አንደርስ ዳንየልሰን ሊ ግን በሦስቱም ይጫወታል። ሬናተ ራይንስቨ በካን የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ያገኘችበት የ2021ዱ ይቅደም። በ12 ምዕራፍ፣ በመግቢያና በመዝጊያ የተከፋፈለ ስለሆነ አዲስ ተመልካችን ያራምዳል። ከወላጅ ጋር ግን አይታይም፤ የመኝታ ቤት ትዕይንት አለው። የ2011ዱ ስለ ሱስና ሕይወትን ስለመተው ስለሆነ፣ ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳላውቅ አልጠቁመውም።

በኤሪክ ፖፐ «ኡቶያ 22. ዩሊ» (2018) ላይ ደግሞ ከዚህም በላይ እጠነቀቃለሁ። በ2011 በኖርዌይዋ ኡቶያ ደሴት ላይ 69 ሰው የተገደለበትን ጥቃት 72 ደቂቃ ባልተቆረጠ አንድ ቀረጻ ያሳያል። ጦርነት ወይም የተኩስ ድምፅ ያሳለፈ ሰው ጠይቆኝ ካልሆነ በቀር ስሙን አላነሣለትም።

በአውሮፓ ልጆች ለሚያሳድጉ አበሾች ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው የኢራም ሃቅን «ቫ ቪል ፎልክ ሲ» (2017) ነው፤ ሰው ምን ይላል ማለት ነው። የፓኪስታን ተወላጅ የሆነችው ኒሻ ኖርዌይ ውስጥ ሁለት ኑሮ ትኖራለች፤ አባቷ ክፍሏ ውስጥ ወንድ ልጅ ካገኘ በኋላ በግድ ወደ ፓኪስታን ትላካለች። ዳይሬክተሯ በራሷ ላይ ከደረሰው ተነሥታ ነው የሠራችው፤ ሆኖም አባትየውን ጭራቅ አላደረገችውም። ሲጨፍርና ሲስቅ፣ ልጁን ሲወድ ስለምናየው ነው ጭካኔው የሚያመው። ይህን ፊልም ወላጅ መጀመሪያ ለብቻው ይየው። ከሴት ልጁ ጋር ሲያየው ደግሞ ድብደባና ማዋረድ እንዳለበት አስቀድሞ ይንገራት፤ በማግስቱ ሥራና ትምህርት የሌለበትን ምሽት ይምረጥ፣ ፊልሙ እንዳለቀም ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ቀድማ እሷ እንድትናገር ይተዋት።