«እኔ አውቀዎታለሁ፤ እሱ ግን አያውቀዎትም»

ይህን የምጽፈው ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ አንድ ዐረፍተ ነገር እስካሁን ስለሚያንገበግበኝ ነው።

ቦታው ጎጃም ውስጥ፣ ከተማ ዳር ያለ የድሮ አውሮፕላን ሜዳ ነው። መደበኛ በረራ ከቀረ ቆይቷል። ከብት ይግጥበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። መጋቢት ላይ ደጋው ላይ አስታ ቁጥቋጦውና ጓሳ ሣሩ ደርቆ እሳት ተነሳ። ገበሬው በቅጠልና በአፈር ቢታገል አልበገር አለው። በመጨረሻ ሄሊኮፕተር በኪራይ መጣ። በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ሲቃጠል፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል ባለሙያዎች እስኪደርሱ የነበረውን ጭንቅ የምታስታውሱ ነገሩ ይገባችኋል።

የእኔ ሥራ ምድሩ ላይ ነው። ነዳጅ፣ ገመድ፣ ሰው። ከሦስቱ ሰው ይከብዳል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ስስ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ማሽኑ የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። 1,000 ሊትር ውሃ ማለት አንድ ቶን ነው። ስለዚህ ነዳጁን ቆጠብ አድርገን እንሞላና የተረፈውን አቅም ለውሃው እንተዋለን። ነዳጁ ሲያንስ ቶሎ ቶሎ መውረድ አለ። በወረደ ቁጥር ደግሞ ሕዝቡ ወደ ማሽኑ ይሮጣል።

ነዳጁን ብዙ አላወራም። በየ200 ሊትር በርሜሉ ነው የመጣልን። ከመቅዳታችን በፊት ውሃ እንዳልገባበት እናያለን። የማገናኛ ሽቦውን ከሄሊኮፕተሩ አካል ጋር ሳናያይዝ ቱቦ አንነካም፤ የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ አንድ ብልጭታ ካወጣ አለቀ። ይህን ልጆቹ በአንድ ቀን ተምረውታል።

ሕዝቡ ወደ ማሽኑ እንዳይጠጋ የዘረጋነውን ገመድ የሚጠብቁት ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ስማቸውን አልጠራም። ሁላችንም «አያ» ነበር የምንላቸው። የሜዳው ዘበኛ ናቸው፤ ከብት ሲያባርሩ የኖሩ ሰው።

የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ሁሉንም ሰብስቤ አስረዳሁ። አብራሪው ሳያያችሁና በእጁ ሳይጠራችሁ አትጠጉ። ከኋላ በጭራሽ፤ የጭራው ማራገቢያ ሲሽከረከር ለዓይን አይታይም። ከዳገቱ በኩል አትምጡ፤ እናንተ ከፍ ስትሉ ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ ለራሳችሁ ይቀርባል። በንፋሱ የሚበር ልብስ አትልበሱ። ረጅም ነገር ትከሻ ላይ አይሰቀልም፤ ከወገብ በታች ተጋድሞ ይያዛል።

አያ ይህን ሲሰሙ ትከሻቸው ላይ ያጋደሙትን ዱላ አወረዱ። ጋቢያቸውን አወለቁና አጥፈው ዘብ ቤቱ ውስጥ አስቀመጡ። ጠዋት ጠዋት ያ ሜዳ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። በሹራብ ብቻ ቆሙ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፤ «ድምፁ ሲጠፋስ? ያን ጊዜ ይቀረባል?» አሉ።

ከነበሩት ሁሉ ይህን የጠየቀ ሌላ ሰው አልነበረም። ዋናው ጥያቄ ደግሞ እሱ ነው። ክንፉ በፍጥነት ሲዞር ወደ ውጭ ተወጥሮ ቀጥ ይላል። ሞተሩ ሲጠፋ ዙሩ ይቀዘቅዛል፣ ክንፉም ይረግባል። በዚያ ሰዓት ንፋስ ቢመታው ከፊት ለፊት እስከ ሰው ራስ ድረስ ሊወርድ ይችላል። ሰው ግን ጩኸቱ ቆመ ብሎ ዘና የሚለው ያኔ ነው። ይህን ነገርኳቸው። «እንግዲያው እስኪቆም ነዋ» አሉ። አዎ፣ ፍጹም እስኪቆም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ማሽኑ አርፎ ሞተሩ እንደጠፋ መኪና ከአስፋልቱ በኩል፣ ማለትም ከዳገቱ በኩል ደረሰ። አንድ ኃላፊ ክላሰር ይዞ ወረደ። ካሜራ የያዘ ልጅ ተከትሎታል። ክንፉ ገና እየዞረ ነው። ገመዱን ከፍ አድርጎ ሊያልፍ ሲል አያ ፊቱ ቆሙ።

«ይለፉኝ አባት፤ ለአብራሪው የምሰጠው ወረቀት አለ።»

«ይቆዩ ጌታው። ገና አልቆመም።»

«ሞተሩ ጠፍቷል እኮ!»

«ሞተሩ ጠፍቷል። ክንፉ አልቆመም።»

ኃላፊው ፊቱ ተለወጠ። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው አንተ ማለት ጀመረ። «ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

አያ ድምፃቸውን አላነሱም። ገመዱንም አልለቀቁም። በአገጫቸው ወደ ክንፉ እያመለከቱ፣ «እኔ አውቀዎታለሁ፤ እሱ ግን አያውቀዎትም» አሉት።

እኔ በርሜሎቹ ጋ ነበርኩ። እየሮጥኩ ስደርስ ከሸለቆው ንፋስ መጣ። የፊት ክንፉ ሲያጎነብስ ሁላችንም አየነው። ኃላፊው ሊሄድበት በነበረው መስመር ላይ ነው ያጎነበሰው። አብራሪው ከመስኮቱ መዳፉን ዘርግቶ «ቁሙ» እያለ ነበር። ካሜራ የያዘው ልጅ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደ። ኃላፊው ምንም አላለም። ክንፉ ቆመ፣ አብራሪው ራሱ ወርዶ መጣና ወረቀቱን ተቀበለ። ወረቀቱ ላይ ያለው የቦታ መረጃ ጠዋት በሬዲዮ ደርሶት ነበር።

እሳቱ ጠፋ። ግምገማ ተጠራ። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ከደካማ ጎኖች ሥር «ጥበቃው ለሥራ ኃላፊ ተገቢውን አክብሮት አለማሳየቱ» የሚል ሰማሁ። እጄን አወጣሁ። የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተናገርኩ፤ እዚያው ይታረም አልኩ። ሰብሳቢው «ያለፈውን አናንሳ፤ ዋናው ሥራው መሳካቱ ነው» ብሎ ወደ ቀጣዩ ነጥብ አለፈ። የምስጋና ወረቀት ታደለ። ለአያ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ የትም ቦታ ስመደብ ገመድ የሚይዘው ሰው ማንንም የማስቆም ሥልጣን በጽሑፍ እንዲሰጠው እጠይቃለሁ። ማኅተም ያለበት ወረቀት ካልተሰጠው ሥራ አልጀምርም። አያ እንዲህ ያለ ወረቀት እጃቸው ላይ አልነበረም። ወረቀት ያለው ሁሉ እንደሳቸው ይቆማል ማለትም አልችልም፤ ባለ ወረቀቱ ለመኪና ታርጋ ሲል ገመድ ሲያነሳ አይቻለሁ።

በኋላ አግኝቻቸው ስለ ቃለ ጉባኤው አንስቼ ነበር። «ተወው ልጄ» አሉኝ። «ሰውየው ራሱን እንደያዘ ቤቱ ገብቷል። ሌላ ምን ትፈልጋለህ?»

እኔ የምፈልገው አለ። ያ ዐረፍተ ነገር ከደካማ ጎን ወጥቶ ከጠንካራ ጎን እንዲገባ፣ የምስጋና ወረቀቱም በስማቸው እንዲጻፍ እፈልጋለሁ። ማመልከቻዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልስ ካልመጣ ደግሜ አስገባለሁ።