በፓወር ቢአይ የሽያጭ ሠንጠረዥ ማቅለም፦ የባቲ ሰኞ ለምን አልታየም?

ዋና መጋዘኑ ኮምቦልቻ፣ ቅርንጫፎቹ ደሴ፣ ሐይቅ፣ ባቲ፣ ከሚሴና ወልድያ ለሆነ የጅምላ ንግድ የማዘጋጀው ሪፖርት ቅርንጫፍን ወደ ታች፣ ቀንን ወደ ጎን የሚዘረዝር ሠንጠረዥ ነው። የማይክሮሶፍት የሪፖርት ማዘጋጃ ፕሮግራም በሆነው ፓወር ቢአይ ላይ ለዚህ የሚሆነው ማትሪክስ ነው። ሴሎቹን እንደ ሽያጩ መጠን የማቅለሚያው መንገድ አጭር ነው፦ ሠንጠረዡን መርጦ ፎርማት፣ ቀጥሎ ሴል ኤለመንትስ፣ የሚቀለመውን አምድ መምረጥ፣ ባክግራውንድ ከለርን ማብራት፣ አጠገቡ ያለችውን የኤፍኤክስ ምልክት መጫን። የሚከፈተው መስኮት ሦስት ምርጫ ያቀርባል፦ ግራዲየንት (ከትንሹ ወደ ትልቁ ቁጥር ቀስ በቀስ የሚለወጥ ቀለም)፣ ሩልስ (ራሳችሁ የምትጽፉት የቀለም ደንብ) እና ፊልድ ቫልዩ (ቀለሙን ከስሌት ውጤት የሚወስድ)። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ግራዲየንት ካልነካካችሁት ትንሹንና ትልቁን ቁጥር ከመላው ሠንጠረዥ ይወስዳል፤ ረድፍ በረድፍ አያይም። ስለዚህ ኮምቦልቻ ሳምንቱን ሙሉ ደምቆ ሌላው ሁሉ ይነጣል። ባቲ ገበያዋ ሰኞ ነው፤ ቅርንጫፉ ከሁሉ ቀን በላይ የሚሸጠው ያን ዕለት ነው። ከኮምቦልቻ ጎን ሲቀመጥ ግን የባቲ ሰኞና የባቲ ረቡዕ ቀለማቸው አይለይም።

ያስተካከልኩት የቀኑን ሽያጭ ለዚያው ቅርንጫፍ የሳምንት ድምር የሚያካፍል ሜዠር፣ ማለትም የስሌት ቀመር፣ ጽፌ ነው። ማጣሪያን ቀይሮ በሚያሰላው ካልኩሌት በተባለ ተግባር ውስጥ የቀኑን ማጣሪያ የማነሳው በኦልሴሌክትድ ነው፤ እሱ ከሠንጠረዡ ውጭ የመረጣችሁትን ይጠብቃል። ሪሙቭፊልተርስ ብትጠቀሙ ከውጭ የመረጣችሁት ሳምንትም አብሮ ይነሳና አካፋዩ የሁሉም ጊዜ ድምር ይሆናል፤ ስሌቱ ስህተት ስለማይል ሳይታወቅ ይኖራል። ከዚያ በኤፍኤክሱ መስኮት ቀለሙ የሚመሠረትበት መስክ ላይ ይህን ድርሻ መረጥኩ። ሴሉ ውስጥ የሚነበበው ብር ነው፣ ቀለሙ ግን የድርሻው ነው። የባቲ ሰኞ ብቅ ይላል።

ዕቅድና ክንውን ሲሆን ግራዲየንት አይመከርም፤ ማጣሪያ በተለወጠ ቁጥር ትንሹና ትልቁ ስለሚለወጥ ያው 95 በመቶ ዛሬ አረንጓዴ፣ ነገ ቀይ ይሆናል። እዚህ ሩልስ ይሻላል፤ እሱም ወጥመድ አለው። ከቁጥሩ ጎን ያለው ፐርሰንት የሚለው ምርጫ የክንውን መቶኛን አይመለከትም፤ በትንሹና በትልቁ ዋጋ መካከል ያለውን ርቀት መቶኛ ነው የሚያሰላው። ዝቅተኛው ቅርንጫፍ 92፣ ከፍተኛው 108 በመቶ ቢያከናውኑ ርቀቱ 16 ነው። «ከ80 ፐርሰንት በታች ቀይ» ካላችሁ 104 ያከናወነው ከርቀቱ 75 በመቶ ላይ ስለሚውል ዕቅዱን አልፎ ቀይ ይለብሳል። ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ቁጥሩን ሳያነብ ነው «ሐይቅ ምን ሆነ?» የሚለው። ነምበር መርጦ 0.8 መጻፍ ነው።

ድንበሮቹም ክፍተት አይኑራቸው። አንዱ ደንብ 0.89 ላይ ቆሞ ሌላው ከ0.9 ቢጀምር 0.895 ያለ ቀለም ይቀራል። 0.8996 ደግሞ ሴሉ ላይ «90%» ተብሎ ይታያል፣ ቀለሙ ግን ከ90 በታች የሆነው ነው። ሜዠሩን በራውንድ ከነጥብ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ ማጠጋጋት ክርክሩን ይዘጋል።

ኔትወርክ ተቋርጦ ሪፖርቱ ያልደረሰ ቅርንጫፍ ሌላው ጉዳይ ነው። ዳክስ፣ ማለትም ሜዠር የሚጻፍበት የፓወር ቢአይ የቀመር ቋንቋ፣ ባዶን ከቁጥር ጋር ሲያነጻጽር እንደ ዜሮ ይቆጥረዋል፤ ያልላከው «ምንም ያልሸጠ» መስሎ ቀይ ይሆናል። ስለዚህ በፊልድ ቫልዩ፣ ስዊች (ሁኔታዎችን በተራ የሚፈትሽ ተግባር) ባለው ሜዠር ነው የምሠራው። መጀመሪያ እውነት የሆነው መስመር ስለሚያሸንፍ «ባዶ ነው ወይ?» የሚለው የኢዝብላንክ ጥያቄ ከሁሉ በፊት ይቀመጣል፣ መልሱም ግራጫ፣ «#808080» ነው። ቀጥሎ ከ0.8 በታች ለሆነው «#990000»። ዕቅዱን ለሞላው ቀለም አልሰጥም፤ ሁሉ ከተቀለመ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

የወሩ ሪፖርት ላይ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ ጳጉሜን መሃል ላይ ትገባለች። በ5 ወይም በ6 ቀን ሽያጭ ከሙሉ ወር ጋር ስትወዳደር በየዓመቱ መቅላቷ አይቀርም፤ እኔ ከነሐሴ ጋር እደምራታለሁ። የራሷ የቀን ዕቅድ ካላት ብቻ ለብቻዋ ትቁም። ወሮቹም ሐምሌን 1 ያደረገ የቁጥር አምድ ተሰጥቷቸው በሶርት ባይ ኮለም ካልተደረደሩ በፊደል ተራ ይሰለፋሉ፤ ሐምሌ እንደ አጋጣሚ ፊት ይመጣል፣ ተከታዩ ግን ነሐሴ መሆኑ ቀርቶ መስከረም ይሆናል።

ሪፖርቱ በጥቁርና ነጭ ከታተመ ደማቁ ቀይና ግራጫው ሊቀላቀሉ ይችላሉ። እዚያው ሴል ኤለመንትስ ውስጥ አይከንስን አብርቶ ለቀዩ ወደ ታች ያለ ሦስት ማዕዘን መስጠት ይበቃል፤ የቀይ ሴሎቹን ፊደልም በፎንት ከለር ነጭ ማድረግ አይረሳ፤ ጥቁር ፊደል በደማቅ ቀይ ላይ ወረቀት ላይ አይነበብም።