ክዳን ይዘው የሮጡት ጋሼ

ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አንድ ምግብ ቤት ማድ ቤት ነው። ሥራ አስኪያጁ ስለ አዲሱ በርገር ሲያማርር «ኢት ዋዝ ኤ ፍላሽ ኢን ዘ ፓን» አለ። ጋሼ (የቀድሞ ወታደር፣ አሁን ሰሃን አጣቢ) የሰሙት «ፍላሽ» (ቦግታ) እና «ፓን» (መጥበሻ) የምትለዋን ብቻ ነው። የድስት ክዳን መንጭቀው ሮጡ፣ ፊት ለፊት ያገኙትን መጥበሻ ከደኑ፣ ጋዙን ዘጉ። ለዘይት እሳት ደንቡ ይኸው ነው፤ ውሃ ቢደፉበት ነበር ጉዱ። ችግሩ መጥበሻው ላይ ከደንበኛ ሽንኩርት በቀር ምንም አልነበረም።

«ጋሼ፣ በርገሩ አንድ ሰሞን ተሸጦ ቀረ ማለቱ እኮ ነው» አልኳቸው። «ፓኑስ?»

ፓኑ የጠብመንጃ ነው። በባልጩት የሚተኮሰው የጥንቱ የአውሮፓ ጠብመንጃ፣ በርሜሉ ጎን ትንሽ ጎድጓዳ ብረት አለችው፤ ደቃቅ ባሩድ ይደረግባታል። ቃታው ሲሳብ ባልጩቱ ብረት ይመታል፣ ፍንጣሪው እዚያች ላይ ይወድቃል፣ ቦግ! ነበልባሉ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በምትሰፋ ቀዳዳ ገብቶ በርሜል ውስጥ ያለውን ዋናውን ባሩድ ያቀጣጥላል። ቀዳዳዋ በጥላሸት ከተደፈነች ወይም የውስጡ ባሩድ ከረጠበ ግን ቦግታና ጭስ ብቻ። ጥይቱ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ጋሼ ሽንኩርቱን ረሱት። «መጎርጎሪያ የላቸውም?» ብለው ተቆጡ፣ ጥፋቱ የእኔ ይመስል። ነበራቸው እንጂ፤ ቀጭን ሽቦና ትንሽ ብሩሽ ይይዙ ነበር። «እንግዲያው ባሩዱን ጢም አድርጎ መሙላት!» ይሄማ ይብሳል። ባሩዱ ቀዳዳዋን ከሸፈነ ነበልባሉ ዘሎ መግባቱ ቀርቶ እየበላ እየበላ ነው የሚገባው፤ ተኩሱ ይዘገያል። ግማሽ ይበቃል።

ጠባሹ ጣልቃ ገባ፦ «ኧረ የካሊፎርኒያ ወርቅ አጣቢዎች ገበቴ ነው!» ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። የካሊፎርኒያው ወርቅ የተገኘው ግን እ.ኤ.አ. በ1848 ነው፤ አባባሉ እንግሊዝ ውስጥ በ1687 ታትሞ ወጥቷል። ጠባሹ ወደ በርገሩ ተመለሰ።

«ካልተኮሰ በኋላስ?» አሉ ጋሼ። አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዙ ቢያንስ 1 ደቂቃ መጠበቅ ነው፤ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና።

«የእኔ ምልምሎች» አሉ ክዳኑን እያጠቡ፣ «መጀመሪያ በአፈሙዙ አጮልቀው ነበር የሚያዩት።»